የዋቤ ወደብ ተራ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ሁለት የባጃጅ ልጆች በተራ ተጣሉ። አንዱ “ቀዳሚው እኔ ነኝ” ይላል፤ ሌላው “አንተ ባዶህን ዞረህ መጥተህ ነው እንጂ ተራህ መቼ ደረሰ?” ይላል። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን እየነፋ መሃላቸው ገባ። እኔ ሽንኩርቴን በዘንቢል ይዤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። “ማዘር ይውረዱ፣ ይቺ አትሄድም” አለኝ። ሰምቼዋለሁ፤ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። “ባዶህን መጥተህ” የምትለዋ ቃል የት እንደወሰደችኝ እሱ በምን ያውቃል? ቤት ስደርስ ዘንቢሉ የለም። ልጄ “እማዬ ደግሞ ሽንኩርቱን ለባጃጁ ሸልማው መጣች” ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። እኔም በእሷ ዕድሜ በአሮጊት እስቅ ነበር።

የተወለድኩትም ያገባሁትም ከወልቂጤ ወዲያ፣ ዋቤ ወንዝ ማዶ ባለ መንደር ነው። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ እናቶች በመሠረተ ትምህርት ከልጆቻቸው እኩል “ሀ ሁ” ባሉ ጊዜ ነው። የማወራው ከዚያ በፊት ስለነበረው፣ የጃንሆይ ዘመን ሊያልቅ ስለተቃረበበት ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ሊያልቅ መሆኑን አናውቅም ነበር። የምናውቀው ኮንጎ ጫማ መምጣቱን፣ ቴትሮን የሚባል የማይጨማደድ ሱሪ መምጣቱን፣ ወልቂጤ ገበያ ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ራዲዮ ማስገባቱን ነው። በስሙኒ ሻይም ዳቦም ይገኝ ነበር፤ ራዲዮው ደግሞ በነጻ። ሰው ሻዩን አቀዝቅዞ፣ በትንሽ በትንሹ እየሳበ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቀመጣል። ባለቤቱ “ሻዩ ዕድሜው ሊቆጠር ነው እኮ” እያለ ብርጭቆውን ይነጥቃል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ገበያ ስወርድ ከዚያ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ የሰማሁትን ዜማ፣ እስከ ወንዙ ድረስ አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ ይዤው እሄድ ነበር።

ድልድይ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ድልድይማ ነበር፤ አውቶቡስ በሚሄድበት ጎዳና ላይ። ነገር ግን በእኛ መንደርና በድልድዩ መካከል ሌሎች ገባር ወንዞች አሉ፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም ሞልተው መንገዱን ይዘጉታል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ከዓለም ጋር የሚያገናኘን ወደባችን ነበር። ወደብ ስል ምጽዋን እንዳታስቡ። ቁልቁል የወረደ ጭቃ፣ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር የተተከሉ ችካሎች፣ ከችካሎቹ ላይ የታሰሩ ከዋንዛ ግንድ የተቦረቦሩ ትናንሽ ታንኳዎች፤ በቃ፣ ወደባችን ይኸው ነው። ማዶውም እንደዚያው ነው፤ ሾላው ብቻ የለውም። ማዶዎቹ ወባ ፈርተው መንደራቸውን ዳገቱ ላይ ስለሠሩ፣ በዚያኛው ዳር መንገደኛ ካልመጣ በቀር የሚታይ ሰው የለም። ታንኳዎቹ ግን ግማሾቹ የእኛ፣ ግማሾቹ የእነሱ ናቸው። ወደቡ የጋራ ነው፤ ጠቡም የጋራ ነበር።

የወደቡ ሕግ በወረቀት አልተጻፈም፤ ሽማግሌዎች ከሾላው ሥር ተቀምጠው የቆረጡት ነው። መንገደኛ በደረሰበት ቅደም ተከተል ይቀመጣል፤ በበቅሎም ይምጣ በእግሩ። ታንኳም ቀድሞ የታሰረው ቀድሞ ይፈታል። የተኳረፉ ሰዎች በአንድ ታንኳ አይሳፈሩም፤ መሃል ወንዝ ላይ ጠባቸው ቢነሳ ሌላው ምን ዕዳ አለበት? የሚያፈስ ታንኳ ያየ ሰው፣ የማንም ይሁን የማን፣ በእንሰት ቃጫ ወትፎ በጭቃ ይመርገዋል። ሙሽራ አትከፍልም። አማት ግን ትከፍላለች፤ ይህን የጨመረው አማቱን የማይወድ ሽማግሌ መሆን አለበት እንል ነበር። ከሁሉ የከበደው ሕግ ግን ይህ ነው፦ የተሻገረ ታንኳ ባዶውን አይመለስም። ማዶ ደርሶ ሰው ካወረደ፣ ከዚያኛው ዳር የሚሳፈር ሰው እስኪያገኝ ታስሮ ይጠብቃል። ምክንያቱም ቀድሞ የእኛዎቹም የነሱም ቀዛፊዎች ሰው ወደበዛበት ዳር ባዷቸውን እየተጣደፉ ተራ ይሰርቁ ነበር። አንዱ ቀዛፊ ሌላውን እንደ መንገደኛ ጭኖ ሲያታልል ተያዘና፣ “ቀዛፊ መንገደኛ አይሆንም” የሚል ተጨመረበት። ይህ ሁሉ የመጣው በዚሁ በተራ ሰበብ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የዘርጋ ታላቅ ወንድም በአንድ የእኛ ቀዛፊ መቅዘፊያ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወንዙ ወሰደው። ዘርጋ ከማዶዎቹ ወገን የሆነ ቀዛፊ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ደም ሊፋሰሱ የተነሱት ሁለት መንደሮች የታረቁት ጉርዳ ተባብለው ነው። ጉርዳ በእኛ ዘንድ መሃላ ነው፤ ያፈረሰውን ሰው በልጁ፣ በልጅ ልጁ ይከተለዋል ብለን እንፈራዋለን። ለዚያ ሕግ አንድ ብቻ መውጫ ተተወለት። ሬሳ ተራ አይጠብቅም። ከየትኛውም ዳር ለቅሶ ከተሰማ፣ ታንኳ ሁሉ ተፈትቶ ባዶውን ይመጣል። ሬሳውን ለማሻገር፣ መርዶ ነጋሪውን ለማድረስ። ለታመመ ሰው፣ ለምጥ የሚል ነገር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያን ጊዜ የታመመ ሰው ወንዝ ተሻግሮ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውምና ማን አሰበው? ወልቂጤ ጤና ጣቢያ ተከፍቶ ድሬሰር የምንለው አካሚ የመጣው በኋላ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ሀብቴን ባገባሁ በዓመቱ ነው። ሀብቴ አዲስ አበባ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ እንደማንኛውም የእኛ አገር ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለመስቀል ይገባል። ለመስቀል መግባት ምን እንደሆነ ለአሁን ልጆች ማስረዳት ይቸግረኛል። ሊስትሮውም ባለሱቁም አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ ሻሽ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለራሱ የሰው ዓይን የሚስብ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ወንዙን እስኪሻገር የቴትሮን ሱሪውን አውልቆ በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ጀፎሯችን፣ ሰፊው የመንደራችን መንገድ ላይ ሲደርስ መልሶ እየለበሰ ይገባ ነበር። “ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ይባል የለ? ቅቤው ተነጥሮ፣ ሰንጋው ተገዝቶ፣ ጣባው ታጥቦ፣ ሴቱ ሁሉ ዓይኑን ወደ ወንዙ ይሰዳል። እኔም ሆዴን ይዤ እየወጣሁ ወንዙን አይ ነበር። ቀኔ ገና ነው ብዬ ነበር። ምጡ ግን የበዓሉን መድረስ አልጠበቀም።

አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አማጥኩ። አዋላጇ ድንቄ የምትባል ጎረቤታችን ናት፤ መንደሩን ግማሹን ያዋለደች፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ድንቄ መቀለዷን ስትተው እኔም ገባኝ። “ልጁ አግድም ተኝቷል፤ የኔ እጅ አይደርስበትም፤ ድሬሰሩ ዘንድ ውሰዷት” አለች። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ወደቡ አወረዱኝ። እናቴ ከጎኔ ትሮጣለች። እናቴን አዶት ነው የምንላት። አዶት ጠንካራ ሴት ነበረች፤ እቅፍ አታውቅም፣ “ልጄ ሆይ” ማለት አታውቅም። እንሰት ስትፍቅ፣ ከብት ስታልብ፣ ስትቆጣ ነው የማውቃት። ሾላው ሥር ስንደርስ ችካሎቹ ባዶ ናቸው። ሰው ሁሉ ጠዋት ለመስቀል ገበያ ተሻግሮ፣ ታንኳ የሚባል በሙሉ ማዶ ታስሯል። ቀዛፊዎቹ ከዳሩ ቁጭ ብለዋል፤ ገበያተኛው አልተመለሰም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስም ጭቃ ይዞት ይሁን ተበላሽቶ አልደረሰም። በዚያ ዳር የሚሳፈር አንድ ሰው የለም።

ወንዶቹ ጮኹ። “ዘርጋ! ምጥ ነው! የሀብቴ ሚስት ናት!” ውኃው ያገሳል፤ ግን ተሰምቷል። ዘርጋ ሲነሳ አየሁት። እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ “ሰው የለ! ሰው ሲመጣ!” ብሎ መለሰ። እንደገና ጮኹ፣ ለመኑት፣ ሰደቡት። መልሱ ያው ነው። በኋላ ሳስበው አልፈርድበትም፤ በወንድሙ ደም የቆመውን ሕግ በወንድሙ ገዳዮች መንደር ጩኸት እንዴት ያፍርሰው? ወደ ዳገቱ አንድ ቀዛፊ የሚሳፈር ሰው ፍለጋ ሲሮጥ አይተናል፤ ግን ዳገቱ ረጅም ነው። ከእኛ ወገን አንዱ ጎልማሳ ልብሱን ጥሎ ገባ፤ ውኃው አገላብጦ ከታች ቁጥቋጦ ላይ ጣለው፣ በገመድ ጎትተው አወጡት። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። ከምጥ የበለጠ የሚያመው እሱ ነበር፤ የወንዶቹ ዝም ማለት። አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በእንጨት መሬት ይጭራል። እየሞትኩ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ድንቄ ወደ አዶት ዞረች። “እናልቅስላት” አለች።

አዶት አልገባትም። “ምን አልሽ?”

“ሬሳ ተራ አይጠብቅም። ካለቀስን ይመጣሉ። ልቅሶ ከሰሙ ይመጣሉ።”

አዶት ድንቄን በጥፊ መታቻት። የሰው እጅ ነው ወይስ የበሬ እግር እስኪባል ድረስ። “ልጄ ሳትሞት? በኔ አፍ? ሞትን በስሟ ልጥራላት?” አለች። በእኛ ዘንድ ለሕያው ሰው ማልቀስ ቀልድ አይደለም፤ ሞቱን ደጃፍ ድረስ መጥቶ እንዲወስደው እንደ መጋበዝ ነው። ሌሎቹም ሴቶች አማተቡ። ማንም ሌላ ሰው ሊጀምረው አይችልም፤ እናት በሕይወት ካለች ለቅሶ የሚከፍተው የእናት አፍ ነው። አዶት ሾላውን ተደግፋ ጥርሷን ነክሳ ቆመች፤ በዚህ ጊዜ ከሥሬ የሚፈሰው ደም ቃሬዛውን አልፎ ጭቃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ድንቄ ጉንጯን ይዛ ያንን ትመለከታለች፤ አልተቆጣችም። “እሺ” አለች ቀስ ብላ፣ “ጥቂት ቆይተሽ የእውነቱን ታለቅሻለሽ።”

እኔ ነኝ የለመንኳት። “አዶት” አልኩ፣ “አልቅሺልኝ።”

አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ውኃው ዞረች። የመጀመሪያው ጩኸት የውሸት ነበር፤ ደረቅ፣ የተሰበረ። ሁለተኛው ግን የውሸት አልነበረም። “አስካለ! አስካለዬ!” እያለች ደረቷን ትመታለች። “በረሃቡ ጊዜ ጠግቤያለሁ ብለሽ ድርሻሽን ለወንድምሽ የሰጠሽው፤ ያላየሁሽ መሰለሽ? አይቼሻለሁ! የተዳርሽ ዕለት ጓሮ ገብቼ ያለቀስኩት፤ ጭስ ነው ያልኩሽ፣ ጭስ አልነበረም! ካንቺ በኋላ ቤቴ ገብቼ ማንን ልቆጣ?” ይህን ሁሉ ቃሬዛ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ሰው የእናቱን ፍቅር የሚሰማው እናቱ ስትስመው ነው ይባላል፤ እኔ የሰማሁት ስትቀብረኝ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት። የተሸከሙኝ ወንዶች ማታለያ መሆኑን እያወቁ አለቀሱ። እኔም ለራሴ አለቀስኩ።

ማዶ ያሉት ታንኳዎች በአንድ ጊዜ ተፈቱ። ሁሉም ባዷቸውን፣ ተራ የለ፣ ቀዳሚ የለ፣ ያንን ድፍርስ ውኃ እየቀደዱ መጡ። ዘርጋ ቀድሞ ደረሰ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ቃሬዛው ሲጠጋ ዓይኔን ገልጬ አየሁት። ደነገጠ፤ ወደኋላ አለ። “ነፍስ አላት እኮ!” አዶት እግሩ ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ያቺ ለንጉሥም የማትንበረከክ ሴት። ዘርጋ ወደ ውኃው አየ፣ ወንድሙ ወደ ሄደበት። ከዚያ “የመጣሁት ለሬሳ ነው፤ የምወስደውም ሬሳ ነው። ፊቷን ሸፍኑ። እናትዬ፣ አንቺም ለቅሶሽን እንዳታቋርጪ” አለ። ጋቢውን ከራሱ ላይ አውርዶ ራሱ ሸፈነኝ። ዋቤን የተሻገርኩት እንደዚያ ነው፤ ተገንዤ፣ ከታንኳው ወለል ላይ፣ ውኃው ከጆሮዬ ሥር እየተንሾካሾከ፣ እናቴ ከራስጌዬ ስሜን እየጠራች። ምጡ ሲመጣ እንዳልጮህ የጋቢውን ጫፍ ነከስኩ።

አውቶቡሱ የደረሰው ያን ሰዓት ነው። መንገደኞቹ ወደ ዳሩ ሲወርዱ፣ ሀብቴ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ትራንዚስተር ራዲዮ በትከሻው አንግቶ ከፊት ነበር። የተሸፈነ ሬሳ አየ፣ አማቱን አየ፣ ስሜን ሰማ። ራዲዮውን መሬት ላይ ሲፈጠፍጠው ድምፁ ተሰማኝ። በኋላ እንደነገሩኝ ኮቱን ቀዶ ጭቃ ላይ ተንከባለለ፤ ጓደኞቹም አብረውት። ዘርጋ ታንኳውን ካሰረ በኋላ ጋቢውን ገለጠ። “ተነሳ አንተ ሰው፣ በቅሎ ፈልግ፤ ሚስትህ አልሞተችም” አለው። ሀብቴ ግን ቶሎ ሊነሳ አልቻለም። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ “አንዴ ቀብሬሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ቀዳሚው እኔ ነኝ” ይለኝ ነበር፤ እንዳለውም ቀደመኝ።

ድሬሰሩ ልጁን አወጣው። ወንድ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ ወጥቶ፣ ተገለባብጦ፣ ተመትቶ፣ እንደ ድመት ግልገል አለቀሰ። “ብዙ ተጎድቷል፤ በሙቀት ያዙት፣ ጡት ይሳብ” አለን። መስቀልን እዚያው ወልቂጤ አንድ ዘመድ ቤት አሳለፍን። ቀኑን ሙሉ ደረቴ ላይ ነው፤ ሲስብ ቆጠብ ይላል፣ ያርፋል፣ ይስባል። አዶት ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች፤ ትቆጣኛለች፣ አያያዜን ትነቅፋለች። ያለችውን ሁሉ እንዳልሰማሁ ሆንኩላት። ሀብቴ “የአራስ ቤት ላሰናዳ፣ ሙክቱን ልረድ” ብሎ ቀድሞን ተሻገረ፤ እኛም በገበያ ቀን በቅሎ ተከራይተን ተከተልን።

ልጄ የሞተው መንገድ ላይ ነው። ጡቴን እንደያዘ ነበር። መሳቡን ሲተው ያረፈ መሰለኝ፤ ከዚያ ክብደቱ ተለወጠ። እናት የሆነች ታውቀዋለች። በቅሎዋን የምትስበው አዶት ዞር ስትል ፊቴን አየች፤ አፏን ከፈተች። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ከደንኩት። “አዶት፣ እባክሽ” አልኳት። “ገና ነው። ዝም በይልኝ።”

ወደቡ ሰው ሞልቶት ነበር፤ ገበያተኛው ከነጆንያው፣ ከነዶሮው፣ ከነጨው ከረጢቱ ተሰልፎ ተቀምጧል። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ወደ እቅፌ ጠጋ ብላ “ወንድ ነው ሴት?” አለችኝ። ወንድ ነው አልኳት። “እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይህን ሁሉ ጫጫታ ተኝቶ!” አለች። ሌላዋም መጥታ መረቀችው፤ እንደ ሾላ ይስፋ፣ እናቱን ይጡር አለችው። አሜን አልኩ። ዘርጋ ከታንኳው ላይ አየኝ፤ ፊቱ በራ። “አስካለ! ነይ ቅደሚ፣ አራስ ናት፣ ልቀቁላት!” ብሎ ተጣራ። ሰዉም ሊለቅልኝ ተነሳ። አንድ ቃል ብናገር ደግሞ፣ “ሞቷል” ብል፣ ሰልፉ ተከፍሎ፣ ታንኳው ሁሉ ተፈትቶልኝ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያሻግሩኝ ነበር። አዶት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ከጎኔ ቆማለች። “ተራዬን እጠብቃለሁ” አልኩት ዘርጋን። ልጄን በነጠላዬ ከፀሐይ ከለልኩት። ታንኳ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላ መጣ፣ ሄደ፤ እኛም ከሰዉ ጋር ትንሽ ትንሽ እየተጠጋን ወደ ውኃው ወረድን። ሬሳ ተራ አይጠብቅም። ልጄ ግን በዚያን ቀን፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ተራውን ጠበቀ።